ስለ ረጅም ርቀት ስልክ ኩባንያ ምርጫ፤ ጥርት ያለ መልስ እንዴት ይገኛል?

በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ጉዳይ በመጀመሪያ ሲያዩት ከግቢያችን እጅግ የራቀ ይመስላል። በአሜሪካ አገር አንድ ሰው ለቤቱ ስልክ ሲያስገባ «ለረጅም ርቀት ጥሪ የትኛውን ኩባንያ ይመርጣሉ?» ተብሎ የሚጠየቅበት ዘመን ነበር። ጥያቄው አጭር ነው። የመልሱ ዋጋ ግን የሚታወቀው በወሩ መጨረሻ የሒሳቡ ወረቀት በፖስታ ሲመጣ ነው።

እኛ ኢትዮጵያውያን ይህን ዓይነት ጥያቄ አናውቀውም ነበር። ስልክ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን ከገባ ወዲህ፣ በ1952 የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት የቴሌኮሙኒኬሽን ቦርድ ከተቋቋመም በኋላ፣ እስከ 2022 ድረስ ሕዝቡ የሚገለገለው በአንድ መሥሪያ ቤት ብቻ ስለ ነበረ፣ የሚመረጥ ነገር አልነበረም። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልን።) ይሁን እንጂ ከአገር ወጥተው በዋሽንግተንና በአካባቢዋ፣ በሎስ አንጀለስም፣ በሲያትልም የሰፈሩት ወገኖቻችን ከነመዘዙ ደርሶባቸዋል። ወደ አዲስ አበባ ወይም ወደ ደሴ ለአንዲት ደቂቃ ንግግር የሚከፈለው ገንዘብ፣ ለእናትና ለአባት ከሚላከው ላይ የሚነሣ ገንዘብ ነበር። ስለዚህ ነገሩን ማጥናት ለእንግሊዝኛ ትምህርት ብቻ የሚጠቅም አይደለም።

መጀመሪያ ነገሩ ከየት እንደ መጣ እንይ። የአሜሪካ ስልክ ለረጅም ዘመን በአብዛኛው የቤል ሲስተም በሚባለው የኩባንያዎች ቤተሰብ እጅ ነበር። የዚህም ራስ በ1885 ረጃጅም መስመሮችን እንዲዘረጋ የተቋቋመው ኤ ቲ ኤንድ ቲ ነው። በ1969 ኤም ሲ አይ የተባለ ትንሽ ኩባንያ ከቺካጎ እስከ ሴንት ሉዊስ በማይክሮዌቭ ማማዎች መስመር ለመሥራት ከፌዴራል የመገናኛ ኮሚሽን ፈቃድ አገኘ፤ ከዚያ ወዲህ ትልቁ ዛፍ መነቅነቅ ጀመረ። የአሜሪካ መንግሥት በ1974 ኤ ቲ ኤንድ ቲን በገበያ ብቸኝነት ከሰሰ። ሁለቱ ወገኖች በጥር 1982 ተስማሙ፤ ስምምነቱም በዳኛ ሃሮልድ ግሪን ፊት ጸድቆ ከጥር 1 ቀን 1984 ጀምሮ ሥራ ላይ ዋለ። የሰፈሩን ስልክ የሚያስተዳድሩት ኩባንያዎች ሰባት ሆነው ከእናታቸው ተለዩ። ኤ ቲ ኤንድ ቲ ደግሞ ረጅሙን ርቀት ይዞ ቀረ፤ በዚያም ላይ ኤም ሲ አይና ስፕሪንት፣ ሌሎችም ተወዳዳሪዎች መጡበት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በደንብ ልብ ማለት ያስፈልጋል፤ ያለዚህ ቀጥሎ ያለው አይገባም። አገሩ 160 ገደማ በሚሆኑ የጥሪ ክልሎች ተከፋፈለ። በክልሉ ውስጥ ያለው ጥሪ የአካባቢው ኩባንያ ሥራ ሆነ። ከክልሉ ወሰን አልፎ የሚሄደው ደግሞ የረጅም ርቀት ኩባንያ ሥራ ነው። ሽቦው ወደ ቤት የሚገባው አንድ ነው፤ የሚያስከፍሉት ግን ሁለት ናቸው። ጥሪው ለየትኛው ተሸካሚ እንደሚተላለፍ ተመዝግቦ የሚገኘው በአካባቢው ኩባንያ ማዞሪያ ውስጥ ነው። በር ጠባቂውና ነጋዴው የተለያዩ ሰዎች ናቸው ማለት ነው።

ከዚህ ለውጥ በፊት የኤም ሲ አይ ደንበኛ መሆን ትዕግሥት ይጠይቅ ነበር። መጀመሪያ ሰባት አኃዝ ያለው የከተማ ቁጥር ይደወላል፤ ቀጥሎ ድምፅ ይጠበቃል፤ ከዚያ የግል መለያ ቁጥር፣ ከዚያም የሚፈለገው ሰው አሥር አኃዝ ቁጥር። ከሃያ በላይ አኃዝ መሆኑ ነው። የኤ ቲ ኤንድ ቲ ደንበኛ ግን «1» ብሎ በቀጥታ ይደውላል። ይህን አድልዎ ለማስቀረት እኩል መግቢያ የሚሉት ሥርዓት ታዘዘ፤ በሐምሌ 1984 ቻርልስተን በምትባለው የዌስት ቨርጂንያ ከተማ ተጀምሮ ወደ ሌላው ተስፋፋ። ከዚያ ወዲህ ማንም ሰው የመረጠው ኩባንያ በማዞሪያው ላይ ይመዘገብለትና «1» ብሎ ይደውላል።

ለዚህም የምርጫ ወረቀት ለየቤቱ ታደለ። ስለ ስልክ ድምፅ መስጠት! ብዙ ሰው ወረቀቱን ሳይመልስ ቀረ። እኛ ዘንድ «ዝም አይነቅዝም» ይባላል፤ በዚህ ጉዳይ ግን ዝምታ ነቀዘ። መጀመሪያ ያልመለሰው ሁሉ ለኤ ቲ ኤንድ ቲ ይተው ነበር። በ1985 ኮሚሽኑ ይህ ለትልቁ ማድላት ነው ብሎ፣ ያልመረጡት ሰዎች የመረጡት በተከፋፈሉበት መጠን ለየኩባንያዎቹ እንዲመደቡ አዘዘ። ስለዚህ ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ የከተተው ሰው ስሙን ሰምቶት ለማያውቀው ኩባንያ ደንበኛ ሆኖ ሊገኝ ይችል ነበር።

እንግዲህ ወደ ዋናው ነገር እንምጣ፤ ጥርት ያለ መልስ ለምን ጠፋ? በእኛ አስተያየት ኩባንያዎቹ ሁሉ ውሸታሞች ስለሆኑ አይደለም። ዋናው ምክንያት ተጠያቂው ሦስት አፍ ስላለው ነው። የአካባቢው ኩባንያ ጸሐፊ የረጅም ርቀት ኩባንያዎችን ስም ዝርዝር አንዱን ከሌላው ሳያስቀድም ተራውን እያቀያየረ እንዲያነብ ግዴታ ነበረበት፤ ዋጋቸውን የመናገር ግዴታ ግን የለበትም። የረጅም ርቀት ኩባንያው ዋጋውን ያውቃል፤ ነገር ግን በማዞሪያው ላይ የተመዘገበው ማን እንደሆነ በዐይኑ አያይም። ሦስተኛው፣ በራት ሰዓት ቤት ድረስ የሚደውለው ሻጭ፣ ብዙ ጊዜ በኮሚሽን የሚሠራ ነው፤ የሚያውቀውም የተሰጠውን ንባብ ነው። ሰውየው ሦስቱንም ጠይቆ ሦስት ልዩ ልዩ መልስ ቢያገኝ፣ ሦስቱም በየራሳቸው እውነት ተናግረው ሊሆን ይችላል።

በዚህ ላይ ምርጫው አንድ ሳይሆን ሁለት ነው። ከ1999 ጀምሮ ደንበኛው በክልሉ ውስጥ ላለው፣ ነገር ግን ከሰፈር ጥሪ ለሚርቀው አንድ ኩባንያ፣ ከክልሉ ለሚወጣው ደግሞ ሌላ ኩባንያ መምረጥ ይችል ነበር። «ኩባንያ ለውጬአለሁ» የሚል ሰው የቱን እንደ ለወጠ ካልተጠየቀ ግማሹን ብቻ ለውጦ ይሆናል። በዚያ ዘመን አጠገብ ወዳለች ከተማ መደወል አገር አቋርጦ ከመደወል ይበልጥ የተወደደበት ቦታ ብዙ ነበር፤ ምክንያቱም ይኸው ነው።

ከሁሉ የከፋው ወጥመድ ግን ኩባንያን በመምረጥና ዋጋን በመምረጥ መካከል ያለው ልዩነት ነው። ሰውየው በማስታወቂያ ያየውን ኩባንያ ስም ለአካባቢው ጸሐፊ ይነግራል፤ ጸሐፊውም ይመዘግባል። ሰውየው በማስታወቂያው ዋጋ የሚናገር ይመስለዋል። ነገር ግን የማስታወቂያው ዋጋ የሚሰጠው ለብቻው ለተመዘገበበት ሰው ነው። ሳይመዘገብ የቀረው መደበኛ በተባለው ታሪፍ ይሄዳል፤ እርሱም ከሁሉ የተወደደው ነው። ወደ ውጭ አገር ለሚደውል ሰው ልዩነቱ እጥፍ ድርብ ይሆን ነበር። ስለዚህ ወደ አንድ ቦታ መደወል አይበቃም፤ ሁለት ቦታ መደወል ያስፈልጋል።

የቅኔን ትምህርት የቀመሱ ጓደኞቻችን የኩባንያዎቹን ማስታወቂያ ቢያነቡ ይደሰቱ ይመስለናል፤ ሰምና ወርቅ ሞልቶበታልና። «በደቂቃ 5 ሳንቲም» ሰሙ ነው። ወርቁ በግርጌ በደቃቁ ተጽፏል፦ በየወሩ 4 ዶላር ከ95 ሳንቲም ይከፈላል። ለምሳሌ አንድ ሰው በወር 30 ደቂቃ ቢናገር፣ ለደቂቃዎቹ 1 ዶላር ከ50፣ ለወሩ 4 ዶላር ከ95፣ በጠቅላላው 6 ዶላር ከ45 ሳንቲም ይከፍላል። ይህ ለ30 ሲካፈል በደቂቃ 21 ሳንቲም ተኩል ነው። ወርኃዊ ክፍያ ሳይኖረው በደቂቃ 10 ሳንቲም የሚያስከፍለው «ውድ» ኩባንያ ቢሆን ግን 3 ዶላር ብቻ ይከፍል ነበር። ርካሹ በእውነት ርካሽ የሚሆነው በወር ከ99 ደቂቃ በላይ ለሚናገር ሰው ነው።

ሌላም አለ። በማዞሪያው ላይ የተመዘገበውን ኩባንያ ትቶ ለአንድ ጥሪ ብቻ በሌላ ኩባንያ መደወል ይቻል ነበር፤ መለያ ቁጥሩን ማስቀደም ብቻ ነው። ለኤ ቲ ኤንድ ቲ 10288፣ ለኤም ሲ አይ 10222፣ ለስፕሪንት 10333 ነበር። በ1998 ቁጥሮቹ በሁለት አኃዝ ረዝመው በ1010 የሚጀምሩ ሆኑ። ይህን መንገድ ይዘው «20 ደቂቃ በ99 ሳንቲም» እያሉ በቴሌቪዥን የሚለፍፉ ተነሡ። ሃያውን ደቂቃ ሙሉ ለሚናገር መልካም ነው። የሚፈልገው ሰው ቤት የለም ተብሎ በሁለት ደቂቃ የሚዘጋው፣ ወይም መልእክት የሚቀበል መሣሪያ ብቻ ያነሣለት ሰው ግን ያንኑ 99 ሳንቲም ይከፍላል። ነገሩ ስለ በዛ የመገናኛ ኮሚሽኑና የፌዴራል የንግድ ኮሚሽን በ2000 በአንድነት መግለጫ አውጥተው፣ እንዲህ ያለው ሁኔታ በማስታወቂያው ላይ በግልጽ መነገር እንዳለበት አስጠነቀቁ።

ስለ ጥያቄና መልስ ከተነሣ በቴክሳስ የሆነውን ሳንጠቅስ አናልፍም። በ1990ዎቹ ዓመታት አንድ ብልጥ ነጋዴ «አላውቅም»፣ «ግድ የለኝም»፣ «ለውጥ የለውም»፣ «ማንም ይሁን» የሚል ትርጉም ባላቸው የእንግሊዝኛ ሐረጎች የረጅም ርቀት ኩባንያዎችን አስመዘገበ። ሰው በኦፕሬተር በኩል ለመደወል ሲፈልግ ኦፕሬተሯ «በየትኛው ኩባንያ?» ብላ ትጠይቃለች፤ ሰውየውም «ግድ የለኝም» ሲል ለዚያው ኩባንያ ይሰጣል፤ ዋጋውም እንደ ብልጠቱ ነው። ይህ ቀልድ አይደለም፤ በሕግ የተመዘገበ ንግድ ነበር። እኛ ደግሞ በጨዋነት «እርስዎ እንዳሉ» ማለት ያደግንበት ባሕል መሆኑን ስናስብ፣ ስንቱ ወገናችን በዚህ እንደሚያዝ መገመት አያስቸግርም።

እስካሁን የተናገርነው ስለ ደበዘዘ መልስ ነው። ከዚህ የባሰው ጭራሽ ሳይጠይቁ መለወጥ ነው፤ አሜሪካኖች ስላሚንግ ይሉታል። ደንበኛው ምንም ሳያውቅ በማዞሪያው ላይ ያለው ስም ይቀየርና በማያውቀው ኩባንያ ሒሳብ ይመጣበታል። የሚሠራበት ዘዴ ብዙ ነው፤ ለዕጣ ብሎ የፈረመው ወረቀት የመለወጫ ፈቃድ ሆኖ ይገኛል፤ ወይም ሻጩ «ስምዎ ይህ ነው? አድራሻዎ ይህ ነው?» እያለ «አዎን» ያሰኘዋል። እንግሊዝኛው ገና ያልቀናለት እንግዳ ሰው ዋናው ታዳኝ ነበር፤ «አዎን» ማለት ለእርሱ «ሰምቼዎታለሁ» ማለት ነውና።

በዚህ ነገር ሕጉ ኋላ ቢመጣም ጥርስ ይዞ ነው የመጣው። ኮሚሽኑ በ1995 የፈቃዱ ወረቀት ከዕጣና ከሽልማት ወረቀት ተለይቶ ለብቻው እንዲቆም አዘዘ። የ1996ቱ የቴሌኮሙኒኬሽን ሕግ ያለ ማረጋገጫ መለወጥን ከለከለ። ቀጥሎም በወጣው ደንብ መሠረት ያለ ፈቃዱ የተለወጠ ሰው ገና ካልከፈለ ለመጀመሪያዎቹ 30 ቀናት ጥሪዎች ለማንም አይከፍልም። ከፍሎም ከሆነ፣ ጥፋተኛው ኩባንያ የተቀበለውን ገንዘብ አንድ ጊዜ ተኩል አድርጎ ለቀድሞው ኩባንያ ይመልሳል፤ ከዚያም ላይ ደንበኛው የከፈለውን እኩሌታ ያገኛል። ደንበኛው ማንም እንዳይነካብኝ ብሎ በአካባቢው ኩባንያ ዘንድ ምርጫውን ማስቆለፍም ይችላል።

ለእኛ ለቋንቋ ተማሪዎች ከሁሉ ደስ የሚያሰኘው የቋንቋው አንቀጽ ነው። የፈቃዱ ወረቀት አንዱ ክፍል ወደ ሌላ ቋንቋ ከተተረጐመ ሁሉም ክፍል መተርጐም አለበት። ሽያጩ በስልክ ተደርጎ በሦስተኛ ወገን የሚረጋገጥ ከሆነ ደግሞ ማረጋገጫው ሽያጩ በተካሄደበት ቋንቋ መሆን ይገባዋል። በአማርኛ አግባብቶ የሸጠ ሰው በእንግሊዝኛ «ይስማማሉ?» ብሎ መጨረስ አይችልም ማለት ነው። ይህን መብት የሚያውቅ ስንት ሰው ነበር? ማስታወቂያው በአማርኛ ሲመጣ ደስ ብሎት የሚቀበል ሰው፣ ደቃቁ ጽሑፍ በእንግሊዝኛ መሆኑን ሲያይ መጠርጠር ነበረበት።

እንግዲህ ጠያቂው ምን ብሎ መጠየቅ ነበረበት? «በደቂቃ ስንት ነው?» ማለት አይበቃም። እንዲህ ያለው ጥያቄ የሻጩን ንባብ ከመክፈት በቀር ሌላ አያደርግም። «ወደዚህ ቁጥር፣ ቅዳሜ ማታ፣ ሰባት ደቂቃ ብናገር፣ ወርኃዊውም ሌላውም ክፍያ ተጨምሮ በሒሳቡ ወረቀት ላይ ስንት ይጻፋል?» ብሎ ቁጥሩን ራሱን መስጠት ያሻል። ምክንያቱም በ251 የሚጀምር ቁጥር ሁሉ አንድ አይደለም፤ 251 11 ብሎ ወደ አዲስ አበባ የቤት ስልክ የሚሄደውና 251 9 ብሎ ወደ ተንቀሳቃሽ ስልክ የሚሄደው ዋጋቸው ሊለያይ ይችላል። አንዳንዱ ኩባንያ አንድ ደቂቃ ከሁለት ሰከንድ የሆነውን ጥሪ ሁለት ደቂቃ አድርጎ ይቈጥራል፤ ሌላው በስድስት በስድስት ሰከንድ ይቈጥራል፤ ይህም ይጠየቃል። ቀጥሎ «የምመዘገብበት ዋጋ ስሙ ማን ይባላል? እስከ መቼስ ይጸናል?» ማለት ነው። የጸሐፊውን ስምና ቀኑን መጻፍም ነውር የለውም፤ ሰውየው ስሙ እንደ ተጻፈ ሲያውቅ አነጋገሩ እንደሚታረም የታወቀ ነው። በመጨረሻ «ይህንኑ በጽሑፍ ላኩልኝ» ይባላል። ከ2001 አጋማሽ በፊት ኩባንያዎቹ የአገር ውስጥ ታሪፋቸውን ለኮሚሽኑ ያስገቡ ስለ ነበር ዋጋው ከመንግሥት መዝገብ ላይ ይገኝ ነበር። ያ ሥርዓት ከቀረ በኋላ ግን ደንበኛውን የሚያስረው ከኩባንያው ጋር ያለው ውል ነው፤ ስለዚህ ወረቀቱ ከቃሉ ይበልጣል።

ሦስቱ አፎች ቢለያዩም አንድ የማይዋሽ ነበረ፤ እርሱም ማዞሪያው ራሱ ነው። ደንበኛው ከገዛ ቤቱ ስልክ 1 700 555 4141 ሲደውል፣ የተመዘገበለት የረጅም ርቀት ኩባንያ ስሙን በተቀዳ ድምፅ ይነግረው ነበር። አይከፈልበትም፤ ማንንም መለማመጥ አያስፈልግም። ይህን አንድ ቁጥር በየቤተ ክርስቲያኑና በየምግብ ቤቱ ግድግዳ ላይ መለጠፍ ከብዙ ስብከት ይሻል ነበር እንላለን።

ብዙዎች ወገኖቻችን ግን ከዚህ ሁሉ ጣጣ ለመዳን በኢትዮጵያውያን ሱቅ የሚሸጠውን የስልክ ካርድ መረጡ። ካርዱ ወርኃዊ ሒሳብ የለውም፤ ውል የለውም። ነገር ግን ሰምና ወርቁ እዚያም ተከትሏቸው ሄደ፤ ለመገናኛ ይቈረጣል፤ ለጥገና በየሳምንቱ ይቈረጣል፤ ደቂቃው በሦስት በሦስት ይጠጋጋል። የንግድ ኮሚሽኑ በ2008 ካርዳቸው ከተነገረው ያነሰ ደቂቃ የሚሰጥ አከፋፋዮችን በፍርድ ቤት ከሰሰ።

ዛሬ ያ ዘመን አብዛኛው አልፏል። ከሰባቱ ልጆች አንዱ የነበረው ኩባንያ በ2005 እናቱን ኤ ቲ ኤንድ ቲን ገዝቶ ስሟን ወሰደ። ኤም ሲ አይም በ2006 ለቬራይዘን ገባ። በተንቀሳቃሽ ስልክ የአገር ውስጥ ሩቅና ቅርብ አንድ ሆኗል፤ ወደ ቤተሰብም በኢንተርኔት ይደወላል። ያለ ፈቃድ መለወጥን የሚከለክለው ደንብ ግን አልተሻረም፤ እንዲያውም በ2018 በሽያጭ ስልክ ላይ ማታለል በስሙ ተጠርቶ ተከልክሏል።

ወደ አገራችን የሚደወለው በመደበኛው ስልክ ሲሆን ግን አንድ ነገር እንዳለ ነው፤ የትኛውም የውጭ ኩባንያ ጥሪውን ለሚቀበለው አገር ኩባንያ ማድረሻ ይከፍላል። የአሜሪካው ኮሚሽን በ1997 ይህ ክፍያ ለዝቅተኛ ገቢ አገሮች በደቂቃ ከ23 ሳንቲም እንዳይበልጥ ጣሪያ አበጀ። ስለዚህ በዋሽንግተን ያለው ደንበኛ ኩባንያ ቢለዋውጥም ከዋጋው አንዱ ክፍል በምርጫው ሥር አይደለም፤ የሚወሰነው እዚህ ነው።

እዚህም በጥቅምት 2022 ሳፋሪኮም በአዲስ አበባ ሥራ ስለ ጀመረ ከኢትዮ ቴሌኮም ጋር ሁለት ሆነዋል። አሁን በግቢያችን በር ላይ ጥቅል የሚገዛ ጓደኛችን «ስንት ደቂቃ ነው?» ብቻ ብሎ ይሄዳል። ደቂቃው ወደ ሌላው ኩባንያ ስልክ ይሠራ እንደሆነ፣ ሌሊት ብቻ ይሆን እንደሆነ፣ በስንት ሰዓት እንደሚቃጠል አይጠይቅም። በ2019 በአዋጅ ቁጥር 1148 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን አለ፤ ወደ እርሱ አቤት የሚል ሰው ግን ምን ተብሎ እንደ ገዛና ምን እንደ ደረሰው፣ ቀኑንና ሰዓቱን ጽፎ ይዞ መቅረብ አለበት።